ሲቢቲ፣ ኢኤምዲአር፣ ካውንስሊንግ… ለእኔ የሚሆነው የቱ ነው? (ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ እርዱኝ)

የሐረጎ ተሳፋሪ

ሰላም ለሁላችሁም። ቤቴ ኮምቦልቻ፣ ሥራዬ ደሴ ነው። በመሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት ጠዋት እወጣለሁ፣ ማታ እወርዳለሁ። አሁን ግን አቅቶኛል።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ልቤ ይደልቃል። መታጠፊያዎቹ ጋ ስንደርስ እጄ ይደነዝዛል፣ አየር ያጥረኛል፣ ላብ ያጠምቀኛል። "አለቀልኝ" እላለሁ። መሀል ዳገት ላይ ወራጅ ብዬ የወረድኩበት ጊዜ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ያፈርኩት ማፈር አይነገርም። ልቤን ተመርምሬያለሁ፣ ደሜም ታይቷል፣ ደህና ነሽ ተብያለሁ። ሐኪሙ "የሥነ ልቦና ሕክምና ያስፈልግሻል" አለኝና ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። በቃ።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ደግሞ የባሰ ግራ ገባኝ። ሲቢቲ፣ ዲቢቲ፣ ኢኤምዲአር፣ አይፒቲ… የመኪና ታርጋ ነው የሚመስለው። ጓደኛዬ "ማንም ካውንስለር ጋ ሂጂና ተናገሪው፣ ይወጣልሻል" ትላለች። እናቴ ሩቅያ ይቀራባት ብላ ይዛለች። ሁለቱንም አልጠላሁም። ግን ገንዘቤም ውስን ነው፣ ከሥራ የማገኘው ፈቃድም ውስን ነው። ያልሆነ ቦታ ሄጄ ማባከን አልፈልግም። የቱን ልምረጥ?

ልጅ ሙጋድ

አብሽሪ እህቴ። ሐረጎ ላይ የማይፈራ ሹፌሩ ብቻ ነው፣ እሱም ስልክ ስለሚያወራ ነው።

ቀልዱን ልተወውና፣ ስለ ዓይነቱ ብዙ አትጨነቂ። ዋናው ሰውየው ነው። የሚሰማሽ፣ የማይፈርድብሽ፣ የማይቸኩል ሰው ካገኘሽ ሲቢቲ ተባለ ሌላ ለውጥ የለውም። ከራሴ ነው የምነግርሽ።

የመስመር ሹፌር

እኔ መሪ ይዤ ስልክ አላወራም ወንድሜ፣ ሁላችንንም አትጠቅልለን።

እህቴ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ዓይኑን ጨፍኖ የሚወርድ ሰው አለ። ጋቢና ካልሆነ አልሄድም የሚልም አለ። ስለ ሕክምናው አላውቅም። የሚያውቁት ይንገሩሽ፣ እኔም አነባለሁ።

ነጭ ጋውን

የሳይካትሪ ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ደሴ። በጽሑፍ ምርመራ አይሰጥም፣ ስለዚህ የምለውን እንደ አጠቃላይ ምክር ያዢው።

ብዙ ሰው ሲመጣ "የቱ ቴራፒ ይሻለኛል?" ብሎ ነው የሚጀምረው። ከሱ በፊት ችግሩ መለየት አለበት። የልብ መምታት ከብዙ ነገር ይመጣል። ታይሮይድ ያመጣዋል፣ የደም ማነስ ያመጣዋል፣ ቡናና ጫት ያመጡታል። ልብሽና ደምሽ መታየቱ ጥሩ ነው። ታይሮይድ አብሮ ታይቶ እንደሆነ ግን ጠይቂ።

ከዚያ እነዚህን መልሺልኝ፣ ካፈርሽ በውስጥ መስመር። ከሚኒባስ ውጭም ይመጣብሻል? ከእንቅልፍ የሚያባንን ሕልም አለ? በጦርነቱ ጊዜ ያየሽው ነገር ሳትፈልጊው ዓይንሽ ላይ ይመጣል? ጫትና ቡና እንዴት ነው? መኖር ያስጠላሽበት፣ ራስሽን ለመጉዳት ያሰብሽበት ጊዜ አለ? የመጨረሻው መልስ አዎ ከሆነ የቴራፒ ምርጫው ይቆይና ዛሬውኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ብቻሽንም አትሁኚ።

የሐረጎ ተሳፋሪ

እዚሁ ልመልስ፣ ሌላም ሰው ይጠቅመው ይሆናል።

ባንክ ወረፋ ላይ መጥቶብኛል። ሰርግ ላይ ድንኳን ውስጥም እንዲሁ። ክፉ ሕልም የለኝም። በ2014 እዚሁ ነበርን፣ ከባድ ነበር፣ ግን ዓይኔ ላይ የሚመጣው እሱ አይደለም። የምፈራው ራሱ ፍርሃቱ እንዳይመጣብኝ ነው። ጫት አልቅምም። ቡና… እንግዲህ ወሎዬ ነኝ፣ ከአቦል እስከ በረካ። መሞት አልፈልግም፣ እንዲያውም ችግሬ ሞትን መፍራት ሆኗል።

ጦሳ ሥር

ሳይኮሎጂ ነው ያጠናሁት፣ አሁንም በሙያው ውስጥ ነኝ። "የምፈራው ፍርሃቱ እንዳይመጣብኝ ነው" የሚል ሰው ሲመጣ ቀድሞ የሚታሰበው ፓኒክ የሚባለው የጭንቀት ዓይነት ነው። በአካል ያየሽ ባለሙያ ያረጋግጠው። እሱ ከሆነ ግን ምርጫው ብዙም አያወዛግብም። ሲቢቲ ነው (ሐሳብንና ድርጊትን አብሮ የሚያርም ሕክምና)፣ ያውም ለፓኒክ ተብሎ የተዘጋጀው።

ሲቢቲን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመረው አሜሪካዊው ሳይካትሪስት አሮን ቤክ ነው። ቤክ የፍሮይድን መንገድ ተምሮ የወጣ ሰው ነበር። ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ ሳያስቡት በአእምሯቸው ፈጥነው የሚያልፉ ሐሳቦች እንዳሉ አስተዋለ። ስሜታቸውን የሚነዱትም እነዚህ ሐሳቦች ናቸው አለ። ለፓኒክ ደግሞ እንግሊዛዊው ዴቪድ ክላርክ በ1986 እ.ኤ.አ. ነገሩን አፍታታው። ልብሽ ትንሽ ይፈጥናል። "ልቤ ሊቆም ነው" ትያለሽ። ስትደነግጪ ይበልጥ ይፈጥናል። "አላልኩም!" ትያለሽ። እንዲህ እየተቀባበሉ ይወጣሉ።

ሐረጎ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ያን ሁሉ በአጭር ርቀት እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ የጤነኛውንም ጆሮ ይደፍናል፣ ራሱን ያዞረዋል። ሌላው ተሳፋሪ ማስቲካ ያኝካል፣ ያልፋል። አንቺ ግን ያንኑ ማዞር የሞት ምልክት አድርገሽ ታነቢዋለሽ።

ሕክምናው ይህን ንባብ ነው የሚያርመው። በወሬ ብቻ እንዳይመስልሽ። ባለሙያው ክፍሉ ውስጥ ሆን ብሎ ስሜቱን ያመጣብሻል። ወንበር ላይ ያሽከረክርሻል፣ ቶሎ ቶሎ ያስተነፍስሻል፣ ደረጃ ያስወጣሻል። ልብሽ ይመታል፣ ያዞርሻል፣ ከዚያ ምንም ሳትሆኚ ያልፋል። ሰውነትሽ ይህን በራሱ ማየት አለበት። መቶ ጊዜ "ምንም አትሆኚም" ብትባዪ አይገባውም።

ቀጥሎ መንገዱ ይመጣል፣ በደረጃ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ አብራችሁ ትጽፋላችሁ። ለምሳሌ መናኸሪያ ውስጥ የቆመ ሚኒባስ ላይ መቀመጥ። ከዚያ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ አጭር መንገድ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን መታጠፊያዎች ከሰው ጋር ወጥቶ መመለስ። ከዚያ ሙሉውን ከሰው ጋር። መጨረሻ ላይ ብቻሽን፣ የኋላ ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ተዘግቶ። አንዱን ደረጃ ደጋግመሽ፣ "መጣብኝ፣ ግን ምንም አላደረገኝም" ስትይ ወደ ቀጣዩ ታልፊያለሽ። መሀል ላይ ወራጅ ማለት ለጊዜው እፎይ ያሰኛል። በማግስቱ ግን ፍርሃቱ በርትቶ ይጠብቅሻል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ለፓኒክ የሚመክረው በጠቅላላው ከ7 እስከ 14 ሰዓት የሚሆን ሲቢቲ ነው፣ በ4 ወር ውስጥ የሚያልቅ። ስለዚህ ገና ከጅምሩ "ለሁለት ዓመት ስለ ልጅነትሽ እናወራለን" የሚል ባለሙያ ካጋጠመሽ ለዚህ ችግር መጀመሪያ የሚሞከረው እሱ አይደለም። ያ ዓይነቱ ሕክምና ቦታ አለው። በየግንኙነቱ አንድ ዓይነት ጉድጓድ ውስጥ እየወደቀ "ለምን ሁሌ እንዲህ ይሆንብኛል?" ለሚል ሰው ይጠቅማል።

አባ ቦርከና

ልጆቼ፣ እኔ ከዚህ ሁሉ ፊደል አንዱንም አላውቅም። በኛ ጊዜ ሰው ሲጨንቀው ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ፀበል የሚሄደውም ይሄዳል። የባሰ ከመጣ ቅሬው (እድሩ) አለ። አሁን ሰው ለማያውቀው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ጓዳውን ይዘረግፋል። ምን የሚሉት ነው ይሄ? ልጅቷን አታስጨንቋት።

ልጅ ሙጋድ

ጋሼ፣ ቡናውማ አለ። ችግሩ አቦል ላይ የተነገረው በረካ ሳይደርስ ሰኞ ገበያ መሰማቱ ነው።

ነጭ ጋውን

ጋሼ ያሉት ለብዙ ነገር ልክ ነው። ሰው ሲሞትብን ቅሬ የሚሠራውን ሥራ የትኛውም ክሊኒክ አይሠራውም። ሐዘን ሁሉ ሕክምና አይፈልግም። ዱዓውም ፀበሉም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እለምናለሁ። የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፀበል ገባሁ፣ ሩቅያ ጀመርኩ ብሎ መድኃኒቱን በራሱ አያቁም።

ፓኒክ ላይ ግን የኛ ማጽናናት አንድ ችግር አለው። ሁላችንም በደግነት "በቃ አትሂጂ፣ ዛሬ ቅሪ" እንላለን። ፍርሃቱ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ዛሬ ሐረጎ ይቀራል፣ ነገ ባንክ ይቀራል፣ ከነገ ወዲያ ሰርግ ይቀራል።

ልጅ ሙጋድ

እኔ አሁንም እከራከራለሁ። ተመርቄ ሥራ ሳጣ ድባቴ ያዘኝ። ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ሻይ ልንጠጣ ሲሉኝ ስልኬን አጠፋ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩበት ካውንስለር (ስም አልጠራም) ገና ሳልጨርስ "አንተ ወጣት ነህ፣ ጠንክር፣ ስፖርት ሥራ" አለኝ። ይሄንን አጎቴም በነፃ ይለኛል። አልተመለስኩም።

ሁለተኛው መጀመሪያ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ወረቀት አወጣና ቀኔን በየሰዓቱ አስጻፈኝ። ባዶ ነበር። በሱ ላይ ትንሽ ትንሽ ነገር አስገባን። ጠዋት በእግር እስከ ፒያሳ፣ እናቴን ገበያ ማድረስ፣ በሳምንት አንድ የሥራ ማመልከቻ። "ደስ እስኪልህ አትጠብቅ፣ መጀመሪያ አድርገው" ይለኝ ነበር። ያዳነኝ ግን ወረቀቱ ሳይሆን እሱ ነው። ሌላ ሰው ያንን ወረቀት ቢሰጠኝ ቀድጄ ነበር የምጥለው።

ጦሳ ሥር

ወረቀቱን አትናቀው። ቢሄቪየራል አክቲቬሽን ይባላል። ለድባቴ ከሙሉው ሲቢቲ የማያንስ ውጤት እንዳለው በጥናት ታይቷል። ቀለል ስለሚል ብዙ ዓመት ያልሠለጠነ ሰውም ተምሮ ሊሰጠው ይችላል። እንደኛ ባለሙያ በማይበዛበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፒኤም ፕላስ የሚባል አጭር ፕሮግራምም ይህን አካቷል። በአምስት ጊዜ ያልቃል። አተነፋፈስ፣ ችግርን ቆራርጦ መፍታት፣ ወደ ሥራ መመለስ፣ ደጋፊ ሰው ማጠናከር፣ ይኸው ነው።

የሰውየው ነገርም እውነት ነው። ገና በ1936 እ.ኤ.አ. ሳውል ሮዘንዝዋይግ የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ሁሉም የንግግር ሕክምናዎች የሚጋሩት ነገር እንዳለ ጽፎ ነበር። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እኔ እንዲህ ነው የማየው። ለቀለል ያለ ድባቴ፣ ለሐዘን፣ ለኑሮ ውጥረት ያንተ ሐሳብ ይሠራል፣ ደህና ሰው ፈልግ፣ ዓይነቱ ሁለተኛ ነው። ለፓኒክ፣ ለኦሲዲ (ጥርጣሬው አልለቅ ብሎ አንዱን ነገር ደጋግሞ ለሚያሠራ ሕመም)፣ ከአደጋ በኋላ ለሚቀር ሕመም ግን ዓይነቱ ይወስናል። መልካም ሆኖ፣ አዳማጭ ሆኖ፣ አንድም ቀን ሚኒባስ አጠገብ የማያደርስሽ ካውንስለር አለ። ትወጂዋለሽ። ሐረጎን ግን አትወጪም።

ስሜን አልጽፍም

እዚህ ክር ላይ ስለ ጦርነቱ ስለተነሳ ነው። ያኔ ያየሁት ነገር እስካሁን ሌሊት ያባንነኛል። የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ ሳላውቀው መሬት እይዛለሁ። ነገሩ በሆነ ሰሞን ሰብስበው እያንዳንዳችን የሆነብንን በየተራ እንድንናገር ያደረጉን ነበሩ። እኔን አባሰኝ። ስለዚህ ቴራፒ ሲሉኝ እሸሻለሁ። የማይናገሩበት ዓይነት አለ?

ነጭ ጋውን

ወንድሜ ልበልህ፣ እህቴም ከሆንሽ ይቅርታ። ዝርዝሩን እዚህ አለመጻፍህ ጥሩ ነው።

አደጋ በደረሰ ማግስት ሰውን ሰብስቦ ሁሉን እንዲተርክ ማድረግ አይመከርም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ያን ሰሞን የሚያስፈልገው መጠለያ፣ ምግብ፣ የተለያየ ቤተሰብ ማገናኘት፣ ማውራት ለሚፈልግ ደግሞ ጆሮ መስጠት ነው። ያሳለፍከው ሕክምና አልነበረም። ሕክምናውን በሱ አትለካው።

ጊዜ አልፎም ለማይለቅ ሕመም ድርጅቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ሁለት ነገር ጠቅሷል። አንዱ በአደጋው ላይ ያተኮረ ሲቢቲ ነው። ትዝታውን አንተ በምትችለው ፍጥነት፣ ከተዘጋጀህ በኋላ፣ ደረጃ በደረጃ ትነካዋለህ። ሌላው ኢኤምዲአር ነው። ፍራንሲን ሻፒሮ የምትባል አሜሪካዊት በ1987 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ነው። ትዝታውን በአእምሮህ ይዘህ ዓይንህ የባለሙያውን ጣት ወዲህና ወዲያ ይከተላል። ዝርዝሩን ጮክ ብለህ እንድትተርክ አይጠበቅብህም። ለጥያቄህ ቅርቡ መልስ ይኸው ነው። የሚያድነው የዓይን እንቅስቃሴው ነው ወይስ ትዝታውን መጋፈጡ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ውጤት እንዳለው ግን ታይቷል።

ናሬቲቭ ኤክስፖዠር የሚባልም አለ፣ ጦርነትና ስደት ላለፉ ሰዎች የተዘጋጀ። ገመድ ትዘረጋለህ፣ እሱ ዕድሜህ ነው። ለመከራው ድንጋይ፣ ለደጉ ጊዜ አበባ እያስቀመጥክ ከልደትህ ትጀምራለህ። ሲያልቅ ታሪክህ ተጽፎ ይሰጥሃል። እዚህ ግን መናገር አለ።

ከእነዚህ የትኛውንም በዚሁ በሠለጠነ ሰው እጅ ብቻ ጀምር። ትዝታ መክፈት ቀላል ነው። አረጋግቶ መመለስ ነው ሙያው። መጀመሪያ ቀን "ስረበሽ ምን ታደርጋለህ?" ብለህ ጠይቀው፣ መልስ ከሌለው ተነስ።

የሐረጎ ተሳፋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ገብቶኛል። ጥያቄዬ አላለቀም ግን። እንዲህ የሚያደርግ ባለሙያ የት ነው ያለው? ማወቁንስ በምን አውቃለሁ? ደሴ ትንሽ ከተማ ናት፣ የሚያውቀኝ ሰው በር ላይ ቢያየኝስ?

ደግሞ ጎረቤቴ ዲያዚፓም ሰጥታኛለች። አልዋጥኩትም። ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው የምሄደው። መኖሩን ሳውቅ ቀለል ይለኛል። ውሃም ሁሌ እይዛለሁ፣ በር አጠገብ ነው የምቀመጠው።

ነጭ ጋውን

ክኒኑን መልሺላት፣ ወይም ለፋርማሲ ስጪ። ዲያዚፓም ቶሎ ያረጋጋል፣ ግን ይለመዳል። መድኃኒት ካስፈለገሽ በየቀኑ የሚወሰዱ እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ አሉ። ሥራቸውን ለማሳየት ሳምንታት ይፈጃሉ። ሐኪም ያዘዘልሽን እንጂ ጎረቤት ያዋሰችሽን አይሆንም።

ለመጀመሪያ ምርመራ የደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሳይካትሪ ክፍል ሂጂ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሳይካትሪ ስለሚያስተምር በዚህ ከተማ የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም። እዚያ ችግሩ ይለያል። ሲቢቲ የሠለጠነ ሰው ማን እንደሆነ እነሱን ጠይቂ። እዚህ ካልተገኘ አዲስ አበባ ካለ ባለሙያ ጋር በቪዲዮ መሥራት ይቻላል። የንግግሩና የእቅዱ ክፍል በስልክ ያልቃል፣ መንገዱን እዚሁ ትለማመጂያለሽ።

ሰው ያየኛል ላልሽው፣ ሆስፒታል በር ላይ የሚያይሽ ሰው ለምን እንደመጣሽ አያውቅም። እሱም የሆነ ነገር አሞት ነው የመጣው።

ጦሳ ሥር

ቦርሳሽ ውስጥ ያለው ክኒን፣ ውሃው፣ በር አጠገብ መቀመጡ፣ ሦስቱንም ለባለሙያው ንገሪው። ደህና ስትደርሺ "ያዳነኝ ክኒኑ ነው" ስለምትዪ ትምህርቱ አይያዝም። በመጨረሻዎቹ ደረጃዎች አንድ በአንድ ትተዪያቸዋለሽ። ዚክር ማድረግ፣ መጸለይ እንደሱ ነው ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አይደለም፣ እንደ ሁልጊዜሽ ጸልዪ። "ይህን ቃል ካልደገምኩ እሞታለሁ" የሚል ስሌት ከገባበት ግን ለባለሙያው አንሺው።

ማወቁን ለመለየት፣ ከመቀጠርሽ በፊት በስልክም ቢሆን ጠይቂ። መጠየቅ ነውር አይደለም። "ፓኒክ ላለበት ሰው ምን ታደርጋለህ?" በይው። "እናወራለን፣ ትረጋጊያለሽ" ብሎ ካቆመ አመስግነሽ ዝጊ። ስለ ልምምድ፣ ስለ ቤት ሥራ፣ በደረጃ ስለ መጋፈጥ ካነሳ ሂጂ። ለውጡን በምን እንደምትለኩት ጠይቂ። የሚነገረው ነገር ከማን ጋር እንደሚቀርና መቼ ለሌላ ሰው ሊነገር እንደሚችል ይንገርሽ። ዋጋውን፣ ብትቀሪ ትከፍዪ እንደሆነ አስቀድመሽ እወቂ። ሴት ባለሙያ ከመረጥሽ ተናገሪ። ሃይማኖትሽን የሚያጣጥል ሰው ጋ አትቆዪ፣ ሕክምናውን ትቶ የሚሰብክሽ ሰው ጋም አትቆዪ። ከአራት አምስት ቀጠሮ በኋላ ምንም ፈቀቅ ካላለ ሳትጠፊ ፊት ለፊት ንገሪው። ደህና ባለሙያ እቅዱን ይለውጣል ወይም ወደ ሌላ ይልክሻል።

የመስመር ሹፌር

መናኸሪያ ላይ መቀመጡ ቀላል ነው። ጠዋት ተራ ይዘን እስክንሞላ ቆመን ነው የምንቆየው። ረዳቱን "ልቀመጥ ነው፣ አልሄድም" በይው። የወንበሩን ከፈለገ ክፈይው። ባለሙያዎቹ ግን፣ እሷ ስትሳፈር ቀስ ብለን እንንዳ?

ጦሳ ሥር

እንደ ሁልጊዜው ንዱ። ለእሷ ብሎ ቀስ ማለት ራሱ ሌላ ክኒን ይሆናል።

አባ ቦርከና

አነበብኩት ሁሉንም። እንግዲህ አንድ ወዳጄ አለ። ዕድሜውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቱ ሞተችበት። አሁን ልጁ ቤት ነው፣ ከልጁ ሚስት ጋር አይጣጣሙም። ቡና ሲጠሩት አይወጣም። ፍርሃት የለበትም፣ ሕልምም የለበትም። ዝም ብሏል። ለእሱስ የቱ ነው?

ጦሳ ሥር

ጋሼ፣ መጀመሪያ ወዳጅዎ ሐኪም ይያቸው። ጆሮ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ የሚወስዱት መድኃኒት። በዚያ ዕድሜ ዝምታው ከሰውነት ሊመጣ ይችላል። እንቅልፍና ምግብ እንዴት እንደሆነም ይጠየቁ።

ድባቴ ከሆነ አይፒቲ የሚባለውን አስባለሁ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጄራልድ ክለርማንና ማይርና ዋይስማን ያዘጋጁት ነው። አራት ነገር ነው የሚያየው። ሐዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር አለመግባባት፣ የኑሮ ለውጥ፣ ብቸኝነት። ብዙ ጊዜ አንዱ ወይም ሁለቱ ተመርጠው ከ12 እስከ 16 ሳምንት ይሠራባቸዋል። የወዳጅዎ ታሪክ አራቱንም ይነካል። ለሳቸው የሚመረጠው ምናልባት የባለቤታቸው ሐዘንና የምራት ነገር ይሆናል።

ቅሬን ያነሱትም ከዚህ ጋር ይገናኛል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ፣ በደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ ገጠር የተሠራ። አይፒቲውን በቡድን ነው የሰጡት፣ ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ፣ በሳምንት አንዴ ለ16 ሳምንት። መሪዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም፣ ቋንቋውን የሚናገሩ፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ድባቴው ካልታከሙት መንደሮች ጋር ሲነጻጸር በጣም ቀነሰ። ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ መነጋገር ለለመደ የኛ ሰው ይህ ባዕድ አይሆንበትም። ልዩነቱ ቡድኑ ውስጥ የሚባለው ከዚያ አለመውጣቱ ነው።

ልጅ ሙጋድ

ጋሼ፣ ወዳጅዎ ደሴ ከወጡ ሻይ በኔ። ጥያቄም አልጠይቅም።

አባ ቦርከና

እነግረዋለሁ ልጄ። ተባረክ።

ኡሙ አሚን

አሰላሙ አለይኩም። ጦሳ ሥር "ኦሲዲ" ያልከው ነገር ያዘኝ። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ውዱእ ላይ ውስዋስ ገባበት። ቧንቧ ሥር ቆሞ ይቀራል። ጨርሶ ይመጣና "እማ፣ ክንዴ ረጥቧል?" ይለኛል። "አዎ" እለዋለሁ። ተመልሶ ይሄዳል። ሶላቱ ያልፈዋል፣ ቆዳው ተላጠ። ሸሁ ሦስት ጊዜ በቂ ነው ብለውታል፣ እሱም ያውቃል፣ አልቻለም። ካውንስለር ጋ ወስጄው "ለምን እንዲህ ታስባለህ" እያለ ያወራዋል፣ አሁን ስለ ምክንያቱም ይጨነቅ ጀመር።

ጦሳ ሥር

ወአለይኩም ሰላም። ይህ የሕክምናው ዓይነት ከሚወስንባቸው ሕመሞች አንዱ ነው። ኦሲዲ መሆኑ ከተረጋገጠ የሚፈለገው ኢአርፒ ይባላል፣ የሲቢቲ ቅርንጫፍ ነው። መነሻው ለንደን ውስጥ ቪክቶር ማየር በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥራ ነው። ልጁ አንዴ በልኩ ውዱእ ያደርጋል፣ ይወጣል፣ ጥርጣሬው ይመጣል፣ አይመለስም፣ አይጠይቅም። ጥርጣሬው እያለ ይሰግዳል። መጀመሪያ ይጨንቀዋል፣ እየደጋገመ ሲሄድ ይለዝባል። ስለ ምክንያቱ ብዙ ማውራት ለውስዋስ ተጨማሪ ቀለብ ነው።

ሸሁን አብረው ቢያሰልፉ ጥሩ ነው። ልኩን እሳቸው ይናገሩ፣ ባለሙያው በዚያ ልክ ይሥራ። ማንም ዲኑን እንዲጥስ አይጠይቀውም። ክርስቲያን ወገኖችም ጋ አለ። አንዱን ኃጢአት ደጋግሞ ለንስሐ አባቱ የሚናዘዝ፣ ጸሎቱን ተሳሳትኩ ብሎ ከመጀመሪያ የሚጀምር። አካሄዱ ያው ነው። ከበረታበት መድኃኒት አብሮ ሊታዘዝለት ይችላል።

ኡሙ አሚን

ጀዛኩሙላህ ኸይር። ከዛሬ ጀምሮ "ረጥቧል?" ሲለኝ መልስ ልከልክለው?

ነጭ ጋውን

በድንገት አይሆንም እናቴ፣ ይደነግጣል። ደህና በሆነበት ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ። በቀን አንዱን ጥያቄ ብቻ ምረጡ፣ ለምሳሌ የዝሁርን። ሲጠይቅሽ ሳትቆጪ "ይሄ የውስዋሱ ጥያቄ ነው፣ ተስማምተናል" በይው። ሌላውን ባለሙያው ያዘጋጅላችኋል። ሆስፒታል ስትመጪ እሱን ይዘሽ ነይ። ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት ጻፊ፣ ቧንቧው ጋ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ስንቴ ጠየቀሽ። ያ ወረቀት የመጀመሪያውን ቀጠሮ ያሳጥረዋል።

ኡሙ አሚን

አባቱም ይመልስለታል። እሱንም ልንገረው?

ነጭ ጋውን

እሱን አስቀድመሽ። አንቺ ዝም ብትዪና እሱ ከመለሰለት ልጁ ወደ እሱ ነው የሚሄደው። አያቱም ቤት ካሉ ይስሙ።